«ቀበቶው ያስተምረዋል» ማለት ምን ማለት ነው?

(የአራት ሠራተኞች ክርክር፤ ተናጋሪዎቹ የተጠሩት በቦታቸው ወይም በሥራ ክፍላቸው ነው።)

የጠባሴው፦ ትናንት እዚሁ ደብረ ብርሃን በተደረገ የሠራተኞች ውይይት ላይ አንድ የፋብሪካ ኃላፊ፣ ሠራተኛው አጉል ሲጎነበስ የሚንቀጠቀጥ የወገብ ቀበቶ ሊታደል መሆኑን ካስረዱ በኋላ፣ «አልሰማ ያለውን ቀበቶው ያስተምረዋል» ብለዋል። እኔን በቀበቶ ያስተማረኝ አባቴ ነበር፤ በአርባ ዓመቴ ሌላ አባት አልፈልግም።

የባሶው፦ ጋሼ፣ ቃሉን ይዘው ነገሩን አይጣሉት። እኔ በሌላ ፋብሪካ የሥራ ደህንነት ክፍል ነው የምሠራው። የወገብ ሕመም ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ድንገት የሚመጣ ሳይሆን በየቀኑ አጉል መጎንበስ እየተጠራቀመ የሚመጣ ስለሆነ፣ ሰውየው ራሱ ሳያውቀው ሲጎነበስ የሚያነቃው መሣሪያ ማግኘቱ ምኑ ያስከፋል?

የሸዋሮቢቱ፦ እንግዲያው ነገሩን እንያዘው። ቀበቶው የሚያውቀው የጀርባን መዝመም እንጂ የሸክሙን ክብደት አይደለም። ቀበቶው በተሞከረበት ሳምንት የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ ብል ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠብኝ፤ ሃምሳ ኪሎውን ሲሚንቶ ቀጥ ብዬ በትከሻዬ ስሸከም ግን ጭጭ አለ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም፣ ሰው በእጁ ሊያነሣ የሚገባውን ክብደት የሚያሰላበት ቀመር፣ ሁሉም ነገር ተመቻችቶ እንኳ ከ23 ኪሎ በላይ አይፈቅድም። እኛ ከእጥፍ በላይ እያነሣን የምንማረው አጎነባበስ ነው?

የባሶው፦ ቀመሩ ምክር ነው፣ ሕግ አይደለም።

የሸዋሮቢቱ፦ ሕግ ከፈለግህ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። «ያስተምረዋል» የሚለው ቃል ግን ጥፋቱን ከወዲሁ ለተጎጂው ያሸክማል።

የባሶው፦ ቀጣዩን አንቀጽ ለምን ዘለልከው? ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት።

ሽመና ክፍል፦ ልጆቼ፣ የእኔን ጆሮ የወሰደው ማሽን መጎንበሴን አልጠበቀም። ይልቅ አንድ ነገር ንገሩኝ፤ ቀበቶው የቆጠረው የሚታየው በማን ስክሪን ላይ ነው?

የባሶው፦ በተቆጣጣሪው ነው፣ እትዬ። ሥልጠና የሚያስፈልገውን ሰው ለመለየት ነው።

የጠባሴው፦ ለመለየት! ነገ ወገቤ ተቆርጦ ካሳ ስጠይቅ «በወር ይህን ያህል ጊዜ ተንቀጥቅጦብሃል፣ ጥፋቱ ያንተ ነው» ሊሉኝ እንደሆነ አሁን ገባኝ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ እንዳይውል የሚገድበው ለዚህ ነው። አንተ ግን ደመወዝህ ከቢሮ ስለሆነ ይህ አይቆረቁርህም።

የባሶው፦ ደመወዜን ተዉት። ኃላፊው ለማለት የፈለጉት «ያስታውሰዋል» ነው።

ሽመና ክፍል፦ ታዲያ ለምን «ያስታውሰዋል» አላሉም?

የሸዋሮቢቱ፦ የሚያስታውስስ ካላችሁ፣ መጋዘን በር ላይ ያለው የእጅ ጋሪ ጎማው ከወለቀ ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው። እሱን ለማስታወስ ቀበቶውን ማን ይታጠቅ?