የባዝ አቢ ወንበሮች መነሣት ነበረባቸው?

ጠያቂዋ፦ ባዝ ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የኖሩባት የእንግሊዝ ከተማ ናት። መሃሏ ላይ ያለው ባዝ አቢ ቀድሞ ገዳም ነበር፤ መነኮሳቱ እ.ኤ.አ. በ1539 ከተበተኑ በኋላ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። አርክቴክቱ ጆርጅ ጊልበርት ስኮት በ1860ዎቹና በ70ዎቹ ያሠራቸው ረጃጅም የኦክ ወንበሮች ነበሩት። በቅርቡ እድሳት ላይ ተነሡ። የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ሕንፃዎችን ለመጠበቅ የሚሟገተው ማኅበር፣ ቪክቶሪያን ሶሳይቲ፣ ተቃወመ፤ የሀገረ ስብከቱ ፍርድ ቤት ግን ፈቀደ። እኔን እስካሁን ያንገበግበኛል። ስንት ትውልድ የጸለየበት ወንበር ቅርስ አይደለም እንዴ?

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ ወለሉ እየሰመጠ ነበር እኮ። ከሥሩ 6,000 ገደማ ሰው እንደተቀበረ ይገመታል። አፈሩ ሲረጋ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ ድንጋዩም ይወርዳል። ወንበሩ ሳይነሣ በምን ይጠገናል?

ጠያቂዋ፦ መነሣቱን መች ጠላሁ? ጥገናው ሲያልቅ ለምን አልተመለሱም ነው የምለው።

ዲያቆኑ፦ ከስኮት በፊት ጸሎቱ የሚደረገው በምሥራቁ ክፍል ነበር። ሰፊው የሕዝብ ቦታ ክፍት ነበር። ሕንፃው የተጀመረው በ1499 አካባቢ ነው፤ ወንበሮቹ የትናንት ናቸው። እኛ ቆመን ለምናስቀድሰው ክፍት ወለል አይገርመንም። ደግሞ ወንበሮቹ የመቃብር ድንጋዮቹን ሸፍነው ነበር። ወደ 900 የሚጠጉ ድንጋዮች አሉ። ሙታኑም ስማቸው ሊነበብ ይገባል።

ጠያቂዋ፦ ዲያቆን፣ የእኔም ጭንቀት እሱ ነው! መተላለፊያው ላይ ያለውን ድንጋይ ጎንበስ ብለው ይዩት። ስሙ በጫማ ተፍቆ ለስልሷል፣ በጣት እንኳ ፈልገው አያገኙትም። ወንበር የከለለው ግን ፊደሉ ቁልጭ እንዳለ ነው። አሁን እሱም ለጎብኚ እግር ተሰጠ።

መሐንዲሱ፦ ይሄ እውነት ነው፤ እኔም አላሰብኩትም። ግን 19.3 ሚሊዮን ፓውንድ የወጣበት ሥራ ነው። ከከተማዋ ጥንታዊ የሮማውያን መታጠቢያ በቀን ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ ፍልውሃ ዝም ብሎ ወደ ኤቨን ወንዝ ይፈስ ነበር። አሁን ሙቀቱ ወለሉን ያሞቃል። ክረምት ላይ ለሚጸልዩ አረጋውያን ቀላል ነገር አይደለም።

ጠያቂዋ፦ ሙቀቱ ይሁን፣ ደስ ይለኛል። ግን በሁለቱ ጎን ጥቂት ረድፍ ቢመልሱ ሙቀቱን ምን ይከለክለው ነበር?

ዲያቆኑ፦ ለጥቂት ረድፍማ እኔም አልከራከርሽም።