ቮልስ ሻንሲ ላይ የተሠራ የፖርሽ 356 ስፒድስተር ሪፕሊካ (አምሳያ)፦ ከደሴ መሸጥ፣ በምትኩ ሌላ ማስገባት

ጦሳ_ሥር

ደሴ ላይ ያለ መኪና ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በተሠራ ቮልስ ሻንሲ ላይ የፖርሽ 356 ስፒድስተር ፋይበር ግላስ ቦዲ ተጭኖበታል። ሻንሲው አጥሯል፣ ሞተሩ 1600 ነው። ሊብሬው ግን አሁንም ቮልስዋገን፣ 1500 ሲሲ፣ ነጭ ነው የሚለው፤ መኪናው ብርማ ነው። ሁለት ፈላጊ አለ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ ሌላው ጀርመን። ለማን መሸጥ ያዋጣል? ለጀርመኑ ከሆነ ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በኮንቴነር መላክ ይቻላል? በገንዘቡ ደግሞ ከአውሮፓ የኮብራ (የድሮ የስፖርት መኪና) ሪፕሊካ ማስገባት ነው የታሰበው፤ ቀረጡ ስንት ይመጣል?

ሊብሬ_መርማሪ

መጀመሪያ ወረቀቱን አስተካክል፣ የዋጋ ወሬ ከዚያ በኋላ ነው። በመዝገብ ላይ ያለው ዝርዝር ሲለወጥ ለመዘገበው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው። አንተ ጋ ደግሞ ሞተሩም፣ ቦዲውም፣ ቀለሙም ተለውጧል። ስም ዝውውር ላይ ፋይሉና መኪናው ካልተገናኙ ጉዳዩ እዚያው ይቆማል፤ ገዢውም ቀብዴን መልስ እያለ ይጨቃጨቅሃል።

የዚህ መኪና ማንነት የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ቮልስ ላይ ቁጥሩ የተመታው ወለሉን መሃል ለመሃል በሚያልፈው ቱቦ መሰል አጥንት ላይ፣ የኋላ ወንበር በነበረበት ቦታ ነው። ስፒድስተር ላይ የኋላ ወንበር ስለሌለ ፋይበር ወይም ምንጣፍ ይለብሰዋል። ካልታየ ፋይበሩ ላይ መዳፍ የምታህል መስኮት ክፈትና ክዳን ሥራላት። ዝገቱን ግን በግራይንደር እንዳትነካው። ቁጥሩ ከሳሳ መርማሪው የሚያስበው "ተፍቆ ተመትቷል" ነው፣ ከዚያ ወዲያ ማስረዳቱ ያንተ ዕዳ ነው። በጨርቅና በዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ቀስ ብለህ አጽዳው።

የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው እግር ሥር፣ ብሎኩ ላይ ነው። በ"ኤች" የሚጀምር የ1500 ነው፣ በ"ኤዲ" የሚጀምር የ1600። ስለዚህ መርማሪው ገና ኮፋኖውን ሲከፍት ያውቃል፤ ሞተሩ የተገዛበትን ደረሰኝ ይዘህ ቅረብ።

ውሉ ላይ "ፖርሽ" የሚል ቃል እንዳይገባ። "ቮልስዋገን፣ የሻንሲ ቁጥር ይህን ያህል፣ ቦዲው ወደ 356 አምሳያ የተቀየረ፣ ሻንሲው ያጠረ" ብለህ አስጽፍ። ባለትዳር ከሆንክ የሁለታችሁም ፊርማ፣ ካልሆንክ ያላገባ ማስረጃ ይጠየቃል። የዕዳና እገዳ ማጣሪያውን ውልና ማስረጃ ከመሄድህ በፊት ጨርስ።

ፑሌጃ

ወረቀቱ ተነግሯል፣ እኔ ወደ ብረቱ ልሂድ። የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ሻንሲው የተቆረጠበትን ቦታ ነው። የቮልስ ከጎማ እስከ ጎማ ርቀት 2400 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ356ቱ 2100። እንደ ቦዲው ልክ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ወጥቷል ማለት ነው። ቁርጡ ቀጥ ብሎ ጫፍ ለጫፍ ብቻ ከተበየደ ደካማ ነው፤ ከሥር ማጠናከሪያ ላሜራ ሊኖረው ይገባል። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል በግራም በቀኝም ለካ። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

ሞተሩን ለመፈተን ፑሌጃውን (ቺንጋውን የሚያዞረውን ክብ ብረት) በእጅህ ይዘህ ወደፊትና ወደኋላ ግፋ ሳብ አድርገው። የሚፈቀደው ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.15 ካለፈ ሞተሩ መከፈት አለበት። "ቷ" የሚል ድምፅ በጆሮህ ከሰማህ መለኪያ አትፈልግ፣ አልፎታል። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በርዶ 0.15 ነው። ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን ግፊት) ስትለካ ግን ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር አታወዳድር። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ጌጁም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ስንቱ ደህና ሞተር በዚህ ምክንያት "አልቋል" ተብሎ ረክሷል! ዋናው አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው።

የመንገድ ሙከራው ሀረጎ ነው፣ ሌላ መንገድ አትምረጥ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ያህል ትወጣለህ። ሪፕሊካ የሚግለው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ቮልስ ሞተሩን ዙሪያውን የሚዘጋ ላሜራና ጎማ አለው፤ ፋይበር ቦዲ ሲገጠም ያ ጎማ ብዙ ጊዜ ይቀራል። ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ በፋኑ ይሳባል። ቀድሞ የሚቃጠለው 3ኛው ሲሊንደር ነው፣ በድሮው አሠራር የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚከልለው። ክፍተቱን በጎማና በላሜራ መዝጋት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስትወርድ ደግሞ የታምቡር ፍሬን ከሆነ በ2ኛ ወይም በ3ኛ ማርሽ ውረድ፤ ፍሬን እየረገጡ መውረድ ሸራውን ያሞቀውና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል።

ሁለት ነገር ሳልረሳ። መብራቶቹ የሚደበዝዙ ከሆነ አምፖል አትቀያይር፣ ፋይበር ኔጋቲቭ አያስተላልፍም። ከእያንዳንዱ መብራት ወደ ሻንሲው የራሱ ሽቦ መሄድ አለበት። የቤንዚን ጎማ ቱቦውንና ካርቡሬተሩ ላይ የሚገባባትን የነሐስ ቧንቧ ደግሞ ነቅነቅ አድርገህ እያት። ይቺ ቧንቧ ትወልቃለች፣ ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ይፈስሳል፣ ፋይበር ደግሞ እንደ ችቦ ነው የሚነደው።

ገላፊ_መስመር

ወደ ጀርመን ይቻላል፣ ግን ገዢው ቀረጡን ተሳስቶ እንዳይሆን ጠይቀው። ብዙዎች "ከ30 ዓመት በላይ ስለሆነ እንደ ቅርስ መኪና ይገባል" ይላሉ። በጉምሩክ ታሪፍ ቁጥር 9705 የሚገባ የሰብሳቢ መኪና ቀረጡ ዜሮ፣ ቫቱ 7 በመቶ ነው፤ ነገር ግን መኪናው ሻንሲው፣ መሪው፣ ፍሬኑና ሞተሩ ሳይለወጥ በነበረበት መሆን አለበት። ያጠረ ሻንሲና የተቀየረ ቦዲ ይህን አያልፍም። በ8703 ተራ መኪና ሆኖ 10 በመቶ ቀረጥና 19 በመቶ ቫት ይከፈልበታል።

ለምሳሌ ዋጋውና ማጓጓዣው 12,000 ዩሮ ቢሆን፣ ቀረጡ ተጨምሮ 13,200፣ ቫቱ ሲደመር 15,708 ይሆናል። ገዢው ያሰበው 12,840 ከነበረ ልዩነቱን ካንተ ዋጋ ላይ ነው የሚቀንሰው። "መጀመሪያም ጀርመን ነው የተሠራው" ማለትም አይረዳም፤ ተመላሽ ዕቃ በ3 ዓመት ውስጥ ነው መመለስ ያለበት።

የፖርሽ ዓርማ ካለበት፣ መሪው መሃልና የቸርኬ ክዳኑ ላይ ያለውም ጭምር፣ እዚሁ ንቀለው። በአውሮፓ ወደብ ጉምሩክ የንግድ ምልክት አስመስሎ የያዘ ዕቃ ማገድ ይችላል፣ መኪናው በሙሉ ይቆማል።

እዚህ ያለው ሥራ፦ ሰሌዳ ተመላሽ ተደርጎ ፋይሉ ይዘጋል፣ ቀረጥ የተከፈለበት ዲክላራሲዮን ይቀርባል (የድሮ ቮልስ ላይ የሚጠፋው ይሄ ነው፣ ከአሁኑ ፈልገው)፣ ክፍያው በባንክ በኩል ይመጣል፣ የቀረውን ትራንዚተር ይይዘዋል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ውስጡ 5.9 ሜትር ስለሆነ 4 ሜትር የማይሞላው መኪና ይበቃዋል። ቀበቶውን በጎማዎቹ ወይም በሻንሲው እሰር፣ ፋይበሩን ፈጽሞ እንዳይነካው፤ ባቲና ሚሌን አልፎ የጅቡቲ ድንበር ገላፊ እስኪደርስ የሚንቀጠቀጠው ጠርዙን ይሰነጥቀዋል። ባትሪው ይፈታ፣ ቤንዚኑ ይራገፍ።

የካርቡሬተሩን ዋና ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለቀዳዳ ብሎን) ነገር ለገዢው ጻፍለት። ለደሴ አየር 127.5 የነበረው ወደ 120 ገደማ ወርዶ ከሆነ፣ ቆላ ላይ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ይግላል፣ ፒስተን ይበሳል። የድሮውን ጂግለር በላስቲክ አድርገህ መሪው ላይ እሰርለት።

ጦሳ_ሥር

ጂግለሩ በእርግጥ ተቀንሷል፣ እናመሰግናለን። ዲክላራሲዮኑ ግን የለም። እንግዲህ ለኮምቦልቻው መሸጥ ሳይሻል አይቀርም። የኮብራውስ ነገር?

ሊብሬ_መርማሪ

አብሽር፣ ኮብራውን እርሳው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ክልከላው ባይኖር እንኳ ሒሳቡን ተመልከት። የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ይጥላል። ወደብ ድረስ 100 ብር ያወጣ መኪና፣ የጉምሩክ ቀረጡን ዜሮ ብንለው እንኳ፣ በኤክሳይዝ 600 ይሆናል፤ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 690፤ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲጨመር 759። አንዱ በሌላው ላይ ነው የሚሰላው።

"ፈትቼ በዕቃ መልክ አስገባዋለሁ" የሚል ካለም አትስማው። በታሪፍ ደንብ ሻንሲው፣ ሞተሩና ቦዲው ተፈትቶ አብሮ ቢመጣ እንደ ሙሉ መኪና ነው የሚቆጠረው። ባዶ ቦዲ ብቻውን በ8707 ይመደባል፣ ኮብራ ግን የራሱን ሻንሲ ይፈልጋል፤ ቮልስ ላይ አይቀመጥም።

ፋይበር_ቦርከና

ታዲያ ሌላ ስፒድስተር ከፈለግክ ለምን ታስገባለህ? ከመሸጥህ በፊት የዚህኑ ቦዲ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) አውጣበት። ከገዢው ጋር ግን ተስማማ፣ ቀለሙ ሊጎዳ ይችላል።

ቦዲውን ሰም 5 ጊዜ ቀባው፣ በየመሃሉ እየደረቀ። ከላዩ ማላቀቂያ ፈሳሽ። ጄል ኮት (ላይኛው ለስላሳ ሽፋን) ከግማሽ ሚሊ ሜትር እስከ 0.8፤ ከዚህ ከወፈረ የሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅ ያወጣል። ከዚያ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን ማት (የመስታወት ክር ንጣፍ)፣ ለሞልዱ ቢያንስ 5 ድርብ፣ በአንድ ቀን ከ2 ድርብ በላይ ሳትደርብ፣ አለበለዚያ ግሎ ይጣመማል። ለ1 ኪሎ ማት ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ሬዚን (የሚደርቅ ፈሳሽ ፕላስቲክ)፣ ሃርድነር (ማድረቂያ) ከሬዚኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ። ሞልዱን በብረት ፍሬም ሳታጠናክር ከቦዲው እንዳታላቅቅ፣ ቅርጹን ይለቃል። በሮቹና ኮፋኖው ለየብቻ ሞልድ ይውጣላቸው።

ሥራውን ኮምቦልቻ አውርደው። ከ15 ዲግሪ በታች ሬዚኑ አይደርቅም፣ የደሴ ጉም ደግሞ ርጥበቱን ይጨምርበታል። ሃርድነር በማብዛት ብርዱን ለማሸነፍ የሞከረ ሰው የሚያተርፈው የሚሰባበር ቦዲ ነው።