ነዌና አልዓዛር፦ የሆነ ታሪክ ወይስ ምሳሌ?

ቢቸና ውስጥ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ። ባለፈው እሁድ ሉቃስ 16፥19-31ን፣ ስለ ሀብታሙ ነዌና ስለ ድሀው አልዓዛር የሚናገረውን አነበብን። አንዷ ልጅ «የነዌ ሥጋ ተቀብሮ ሳለ በሲኦል ምላሱ እንዴት ውኃ ጠማው?» አለችኝ። ምሳሌ ነው አልኳት። ሌላው ቀበል አድርጎ «ታዲያ አልዓዛር ለምን ስም አለው?» አለ። እውነቱን ነው። ዘሪው፣ ደጉ ሳምራዊ፣ የጠፋው ልጅ፣ አንዳቸውም በስም አልተጠሩም። ሉቃስም እዚህ ላይ «ምሳሌ ነገራቸው» አይልም።

አንድ የኔታ ጠየቅኩ። «አንድም ታሪክ፣ አንድም ምሳሌ» አሉኝ። ለእኔ ደስ ይላል፤ ለ10 ዓመት ልጅ ግን አልበቃም። ምሳሌ ነው ብቻ ካልኩ ሲኦልም ተረት እንዳይመስላቸው እፈራለሁ፤ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

ሰዎቹ በእርግጥ የነበሩ ናቸው ብዬ፣ የምላሱንና የውኃውን ነገር ብቻ በምሳሌነት ብፈታላቸው ከአንድምታው (ከቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ) ጋር እጋጫለሁ?