አስቸኳይ! ፍሪጅ ውስጥ የቆየ አሞክሳሲሊን ለልጅ ይሰጣል?

የማሂ እናት፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ልጄን ከትናንት ጀምሮ ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል፣ ንፍጡም አልቆመም። በዚህ ሰዓት ፋርማሲው ሁሉ ዝግ ነው። ነሐሴ ላይ ለእህቱ ታዞ የተረፈ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ጎረቤቴ «ስጪው፣ ያው ነው» አለችኝ። ስንት ሚሊ ልስጠው?

ሚኪ፦ እድሜው ስንት ነው? አሁን እኮ ህዳር ነው!

የማሂ እናት፦ ውይ፣ 2 ዓመት ከ3 ወር። 11 ኪሎ።

እማማ ዘነቡ፦ ማር በሎሚ ለብ አርገሽ ስጪው የኔ ልጅ። የኔዎቹ በሱ ነው ያደጉት።

ዶክሌ፦ እኛ ሰፈር ቀይና ቢጫዋ ካፕሱል ለጉንፋንም፣ ለሆድም፣ ተፈትታ ለቁስልም ናት። ለዕዳ ብቻ ነው ያልተሞከረችው።

ጋሽ አበራ፦ ቀልዱ ይቅር። የአሞክሳሲሊን ወገን የሆነውን ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ሲቀበል አስጠንቅቆ ነበር። ሰው መድኃኒቱን እንደ ልቡ ሲያገኝ አሳንሶ ይወስዳል፣ ያልሞቱት ተህዋሲያን ይላመዱታል ብሎ። ይኸው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። እኛ ጋ ያለ ማዘዣ መሸጥ ክልክል ነው፤ ማን ሰምቶ! እንዲያውም...

ሚኪ፦ ጋሼ፣ ልጁ እያተኮሰው ነው። ኖቤሉ ነገ ይደርሳል።

ፋርማሲስቷ፦ እንዳትሰጪው። አንዴ በውሃ የተበጠበጠ አሞክሳሲሊን ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከ14 ቀን አያልፍም። አዲስ ቢሆን እንኳ ሳልና ንፍጥ አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ይልቅ ሲተኛ ልብሱን ገልጠሽ ትንፋሹን ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ። በሱ እድሜ 40 ከሞላ፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ ስር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሁሉን ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ሳይነጋ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ይሄ ከሌለ ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል። ጠርሙሱ በ5 ሚሊ 120 ሚሊግራም የሚል ከሆነ ለሱ 5 ሚሊ በየ6 ሰዓቱ። እማማ፣ ማሩ ለሱ ይሆናል፤ 1 ዓመት ላልሞላው ግን በፍጹም።

አስቴር፦ ፓራሲታሞል ስጪው።

ሚኪ፦ ተብሏል እኮ።

ሰላም፦ እኔን የገረመኝ መትረፉ ነው። የታዘዘላት እስኪያልቅ አይደል እንዴ?

የማሂ እናት፦ ተሻላት፣ ለምን ላስጨንቃት ብዬ ነው። አሁን የጠየቅኩት እሱን አይደለም! ትንፋሹን 34 አድርሼ አለቀሰብኝ።

ፋርማሲስቷ፦ ካለቀሰ አይቆጠርም። እንቅልፍ ሲወስደው ከ1 ጀምሪ።

አስቴር፦ ስንት ሆነ?

ባለ ዶሮው፦ በዚሁ አጋጣሚ፣ ለዶሮዎቼ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ውሃ ላይ በጥብጬ እየሰጠሁ ነው። እንቁላሉን ዛሬ መሸጥ እችላለሁ?

ፋርማሲስቷ፦ አትሽጥ! መድኃኒቱን ካቆምክ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለብህ ማሸጊያው ላይ አለ፣ አንብበው። ደግሞስ ማን አዘዘልህ?