ወንድሜ ዓርብ ማታ ታሰረ፣ «ሰኞ ነይ» አሉኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ትናንት ዓርብ ማታ 1 ሰዓት ላይ ከተሳፋሪ ጋር በሂሳብ ተጣላና «መታኝ» ተብሎ ጣቢያ ገባ። ዛሬ ቁርስ ይዤ ስሄድ ተረኛው «ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም፣ ሰኞ ነይ» አለኝ። ወንድሜ ደግሞ «ያላነበብኩት ወረቀት ላይ ፈርም እያሉኝ ነው» አለኝ። ምን ላድርግ?

የሕግ ተማሪ፦ አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ የተያዘበትን ሰዓት ጻፊው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ቅዳሜና እሁድ ይቀነስ የሚል ነገር የለውም። ያንቺ ወንድም ነገ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይሞላዋል። በእረፍት ቀን የሚሠራ ተረኛ ችሎት መኖሩን ዛሬውኑ ፍርድ ቤት ሄደሽ ጠይቂ።

ፊርማውን በተመለከተ፣ ዝም የማለት መብት አለው። ቃሉን ከሰጠም ይነበብለት። ያላለው ነገር ከገባበት እስኪታረም አይፈርም። ተገዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ አይሆንም፣ እውነት ነው። ግን ተገድጄ ነው ብሎ በኋላ ማሳመን አበሳ ነው።

ባጃጅ ነጂ፦ እኔም ገብቼ አውቃለሁ። ተረኛው ላይ አትጩኺ፣ ነገር ይከራል። መርማሪው ማን እንደሆነ ጠይቂና እሱን በትህትና አናግሪው። ጉዳዩ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ ፖሊስ ራሱ በዋስ መልቀቅ ይችላል፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 28 ነው። መታወቂያ የያዘ ዋስ አዘጋጅተሽ ሂጂ። «ብር ስጪኝና ላስፈታው» የሚል ሰው በር ላይ አይጠፋም። እለፊው።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። የስልኩን የይለፍ ቁጥርም ጠይቀውታል።

የሕግ ተማሪ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የስልክ ግንኙነትንም ይጠብቃል። «የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ አሳዩኝ» ይበል፣ በጨዋ አነጋገር። አንቺም፣ ጓደኞቹም፣ ጠበቃም ልትጠይቁት መብቱ ነው፣ አንቀጽ 21።

የመንዝ ልጅ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ከ48 ሰዓቱ ውስጥ ለጉዞ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። እኛ ጋ ከሩቅ ቀበሌ መሐል ሜዳ ከተማ እስኪደረስ ይሄ ሰበብ ይሠራል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ግን የምን ጉዞ? ሰዓቱ ካለፈ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። ፍርድ ቤት ቀርቦ ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ ቢጠይቅም በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም። እዚያው ዋስትናውን ይጠይቅ።

ባጃጅ ነጂ፦ ጋቢ ወስደሽለታል? የደብረ ብርሃን ብርድ ሲሚንቶ ላይ ሌላ ነው።

ጠያቂ፦ ጋቢና በሶ ይዤ ወጥቻለሁ። ዋስ የሚሆነን አጎታችንም አብሮኝ ነው። መጀመሪያ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ጣቢያ። ማታ እጽፍላችኋለሁ።