ኩላንት በድንገት ሲፈስ፦ ከሐረጎ ዳገት የተነሣ ጥያቄ

ጥያቄ (የሐረጎ መንገደኛ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ቅዳሜ እናቴን አሳፍሬ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ፣ የሐረጎን ዳገት እንዳጋመስኩ የሙቀት መለኪያው ቀስት ከወትሮው ቦታ ተነሥቶ ወደ ቀዩ መስመር መጠጋት ጀመረ፤ ወዲያውም ጣፋጭነት ያለው ሽታ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከኮፈኑ ሥርም እንፋሎት ታየ። መንገዱ ሰፋ ያለበት ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁና ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ካስቀመጥኩ በኋላ ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ሮዝ ፈሳሽ (የሞተሩ ማቀዝቀዣ ኩላንት) አስፋልቱን ይዞ ወደ ቁልቁለቱ ይወርድ ነበር። አይቶን የቆመ የሚኒባስ ረዳት የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ሊከፍት ሲል እናቴ «ተው ልጄ፣ ፊትህን ያቃጥልሃል» ብላ ከለከለችው። ከቀዘቀዘ በኋላ በሃይላንድ የያዝነውን ውሃ ጨምረን፣ እያረፍንና እየሞላን ደሴ ገባን።

መኪናዋ አነስተኛ የቤንዚን የቤት መኪና ናት። ያሳየሁት ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ ከማየት ሌላ ምንም ሳያደርግ «ራዲያተሩ በሙሉ ይቀየር» የሚል መልስ ሰጠኝ። ፈሳሹ ከየት እንደሚወጣ ሳይረጋገጥ ራዲያተር መግዛት ተገቢ ነውን? እስከዚያስ ውሃ ብቻ እየሞላሁ ሐይቅ ከተማ ደርሼ ብመለስ ምን ጉዳት አለው?

መልስ (የወልዲያ መስመር ሹፌር)

አብሽሪ እህቴ፤ እናትሽም እንኳን ከለከሉት። ክዳኑ በሙቀቱ ቢከፈት ኖሮ በግፊት ታፍኖ የነበረው ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ እጁንና ፊቱን በላጠው ነበር።

ለወደፊቱ ቀስቱ መውጣት እንደጀመረ ኤሲውን አጥፍተሽ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቺው። በሙቀት ላይ ሙቀት መጨመር ቢመስልም፣ ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ቆመሽ ሞተሩን እስክታጠፊ ድረስ የሞተሩን ሙቀት ይቀንሳል። እንፋሎቱ እየወጣ ቀስቱ በድንገት ወደ ቀዝቃዛው ከወረደ ደግሞ ደስ አይበልሽ፤ ውሃው አልቆ መለኪያው አየር ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከቆምሽ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቂና የላይኛውን ወፍራም የራዲያተር ቱቦ በጨርቅ ይዘሽ ጨምቂው። ጠንክሮ ከተወጠረ ግፊቱ ገና አልወጣምና ክዳኑን አትንኪ። ውሃውንም ጥቂት በጥቂት እንጂ በግለቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትገልብጪ፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል።

ቱቦው ላይ ስንጥቅ ካገኘሽ አድርቀሽ የካላማዳሪያ ጎማ ጥብቅ አድርገሽ ጠምጥሚበት፤ ከዚያ ግፊት እንዳይበዛ ክዳኑን እስከ መጀመሪያው እርከን ብቻ አላልተሽ ቀስ ብለሽ መንዳት ትችያለሽ፤ ብዙ ሹፌር በዚህ ቤቱ ገብቷል። ቁልቁለት ነው ብለሽ ሞተር አጥፍተሽ መንሸራተት ግን ፈጽሞ አይታሰብም፤ ፍሬኑም መሪውም ይደነድንብሻል፣ ሐረጎ ላይ ደግሞ ይህ የሞት መንገድ ነው።

መልስ (መምህር፣ ሆጤ)

ከላይ የተሰጠው ምክር በአብዛኛው ትክክል ቢሆንም፣ ክዳኑን ስለ ማላላት የተባለው በእኛ አገር ከፍታ እንዴት እንደሚያዛልቅ መመርመር ይኖርበታል። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ ቤንዚን መኪኖች ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ሞተሩ የሚሠራበት የተለመደ ሙቀትም ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። እንግዲህ ክዳኑ ከላላ፣ ጤነኛ ሞተር እንኳ ደሴ ላይ ሊፈላ ጫፍ ላይ ነው ማለት ነው።

ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ከውጭው አየር በላይ የሚይዘውን ግፊት በባር ያመለክታል። 0.9 የሆነው ክዳን በትክክል ከገጠመ፣ ደሴ ላይ ውስጡ ያለው ንጹሕ ውሃ ሳይፈላ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ይቆያል። ባቲን ወርዶ ሚሌ ለደረሰ ሰው ክዳን ማላላት ያን ያህል ልዩነት ላያመጣ ይችላል፤ ሐረጎን ለሚወጣ ግን ሞተሩ ከፍተኛ ጭነት በተሸከመበት ሰዓት የመጨረሻ መከላከያውን መንጠቅ ነው። በዚያ ቦታ የተበላሸበት ሰው፣ ጠግኖ መንዳት የሚችል ከሆነ፣ ዳገቱን ከመጨረስ ይልቅ ዞሮ ወደ ኮምቦልቻ በማርሽ መውረድ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

መልስ (የወልዲያ መስመር ሹፌር)

መምህር፣ እኔም ለዳገት አላልኩም፤ ወደ ቁልቁል ለአጭር መንገድ ነው። ስለ መዞሩ እስማማለሁ።

መልስ (መካኒክ፣ ኮምቦልቻ)

እህታችን፣ መካኒኩ ስንጥቁን በጣቱ ነክቶ ካሳየዎት ይመኑት፤ ካላሳየዎት ግን ራዲያተር ከመግዛትዎ በፊት በግፊት መፈተሻ እንዲለካልዎ ይጠይቁ። መፈተሻው እንደ ብስክሌት መንፊያ በእጅ የሚገፋ፣ መለኪያ ያለው መሣሪያ ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት በራዲያተሩ አፍ ላይ ተገጥሞ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ይነፋል፤ ቀስቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ባለበት ከቆመ የሚያፈስ ነገር የለም፣ ከወረደ ደግሞ ውሃው ራሱ ቦታውን ያሳያል። ክዳኑም በዚሁ መሣሪያ ይፈተሻል፤ ጎማው የደረቀ ክዳን ብቻውን መኪና ያፈላል፣ ዋጋውም ከራዲያተር ጋር አይወዳደርም።

መሣሪያው ባይገኝ ማታ ከመኪናዋ ሥር ካርቶን ዘርግተው ጠዋት ጠብታው የት እንዳረፈ ይመልከቱ። የራዲያተሩ አሉሚኒየምና ጥቁሩ ፕላስቲክ በሚጋጠሙበት መስመር ላይ ደርቆ የቀረ ሮዝ ወይም ነጭ ቅርፊት ካለ ጥፋቱ የራዲያተሩ ነው፤ ያን ጊዜ ያ ጋራዥ ልክ ነበር ማለት ነው። ጠብታው ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) ባለበት ወገን ከሆነ የውሃ ፓምፑን ይጠርጥሩ። በፓምፑ አካል ላይ ሆን ተብሎ የተተወች ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የውስጡ ማኅተም ሲያልቅ ውሃው በእርሷ ይወጣል። ያችን ቀዳዳ በማጣበቂያ ልድፈንልዎ የሚል ሰው ካጋጠመዎት መኪናዎን ይዘው ይውጡ። የፊት ምንጣፉ ከረጠበና መስታወቱ ከውስጥ በኩል ቅባት ያለው ጉም ከያዘ ደግሞ የማሞቂያው ትንሿ ራዲያተር ናት። ቀለምም ሽታም የሌለው ውሃ ከሆነ የኤሲ ጤዛ ስለሆነ አያስቡ፤ በኮምቦልቻ ሙቀት በዚህ የሚደነግጥ ደንበኛ ብዙ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው ውጭ ምንም ሳይንጠባጠብ ውሃው ሲጎድል፣ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ሳይቋረጥ ሲወጣና ዘይቱ ነጥቶ ሲወፍር ነው፤ ያኔ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ሄዷል።

ውሃ ብቻ መሙላት ለችግር ቀን ይሆናል እንጂ ኑሮ አይደረግም። ኩላንት ለብርድ አገር ነው የሚሉ አሉ፤ ይሁንና እኛን የሚጠቅመን ዝገት በመከላከሉና ፍላቱን በማዘግየቱ ነው። የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ቀጫጭኑን የራዲያተር መስመር በኖራ ይደፍናል። በርበሬ ወይም የእንቁላል ነጭ የሚጨምሩም የሚደፍኑት ቀዳዳውን ብቻ አይደለም። ወደ ሐይቅ ግን ፍሳሹ ሳይገኝ አይሂዱ።

የሚወጣውን ኩላንት በሳፋ አስቀምጠው ደጅ አይተዉት፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ፍየል ይጠጡታል፣ ኩላሊታቸውንም ገድሎ ይጨርሳቸዋል። ቦርከና ውስጥም አይደፋም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌላ ጋራዥ በግፊት ሲያስፈትሽልኝ ራዲያተሩ ደህና ሆኖ ተገኘ፤ የሚያፈሰው የላይኛው ቱቦ በማሰሪያው ብረት ሥር ተሰንጥቆ ነበር፣ ማሰሪያው ስለሸፈነውም ከላይ አይታይም። ቱቦውና ክዳኑ ተቀይረው አዲስ ኩላንት ተሞላ። አሁን ግን ማሞቂያውን ስከፍት ቀዝቃዛ አየር ነው የሚሰጠኝ፤ ይህ ከጥገናው ጋር ይያያዛልን?

መልስ (መካኒክ፣ ኮምቦልቻ)

አዎ፣ በሚሞላበት ጊዜ አየር ውስጥ ቀርቷል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ዳገት አድርገው ያቁሙ፣ ክዳኑን ይክፈቱና ማሞቂያውን በሙሉ ሙቀት ላይ አድርገው ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) ያስነሡት። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ዝቅ ይልና አረፋ ይወጣል፤ አረፋው እስኪያቆምና ማሞቂያው ትኩስ አየር እስኪሰጥ ድረስ ኩላንት እየጨመሩ ይጠብቁ፣ ከዚያ ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉ። በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ደረጃውን እንደገና ይዩት፤ ጥቂት መጉደሉ ያለ ነው።