ከሐዋሳ ወደ ሙኔሳ ደን በአምስት ፎር ዊል፤ ለጭቃው ምን እናዘጋጅ?

ከታቦር ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሐዋሳ ተነስተን በሻሸመኔና በአርሲ ነጌሌ አድርገን ወደ ሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ልንገባ ነው። ደን ውስጥ የምንነዳው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በዚያው ቀን እንመለሳለን። ክረምት ስለሆነ መንገዱ ጭቃ ነው። ዳገቱ ቀይ አፈር፣ ታች ሜዳው ደግሞ ጥቁር አፈር እንደሆነ ተነግሮናል። መኪኖቹ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ፣ ላንድክሩዘር ፒካፕ፣ ሃይሉክስ፣ ፕራዶና አሮጌው ቪታራ ናቸው። ዊንች (ካቦ እየጠቀለለ የሚጎትት ሞተር) ያለው ሃርድቶፑ ብቻ ነው። የጭቃ ጎማ መግዛት ግድ ነው? ንፋስ ስንት እናድርግ? ማን ይቅደም? አንድ ጓደኛችንም በራቭ4 ልምጣ ብሏል፤ ይሆናል?

ባሌስትራ፦
ወንድሜ፣ ጎማውንም ዊንቹንም ለጊዜው ተወውና በአምስቱም መኪኖች ፊትና ኋላ ተንበርክከህ እይ። የምትፈልገው ሻንሲው ላይ በወፍራም ብሎን የታሰረ መጎተቻ መንጠቆ ነው፤ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ። ከፊት ሥር የሚታየው ቀጭን ቀለበት ብዙውን ጊዜ መኪናው በመርከብ ሲጫን ለማሰሪያ የተሠራ ነው። ጭቃ የያዘውን መኪና በእሱ ከጎተታችሁ ተቀድዶ ይወጣል። ተሳቢ የሚታሰርበትን የብረት ኳስ ደግሞ ለመጎተቻ በፍጹም እንዳትጠቀሙበት። የሚለጠጥ ገመድ ላይ ሆኖ ሲሰበር እንደ ጥይት ይበራል፤ ሰው ይገድላል።

ይህን የማስቀድመው ጉልበቱ ከሚታሰበው በላይ ስለሆነ ነው። ጭቃው ጎማውን እስከ ቸርኬው መሃል ከዋጠ ለማላቀቅ የመኪናውን ክብደት ያህል ጉልበት ያስፈልጋል ብላችሁ አስሉ። እስከ ፓራፋንጎ ከሰመጠ እጥፉን ቁጠሩ። እቃ የጫነ ፒካፕ 2.5 ቶን ቢሆን 5 ቶን መጣ ማለት ነው። ቀጭን ቀለበት ይህን አይችልም።

ስለዚህ በጋራ የምትይዙት ይህ ነው። 9 ሜትር የሆነ፣ 8 ቶን የሚችል የሚለጠጥ መጎተቻ ሁለት። 4.75 ቶን ተብሎ የተጻፈባቸው ሻክሎች (ገመዱን ከመንጠቆው ጋር የሚያያይዙ ባለ ፒን ብረቶች) ስድስት፤ ቁጥር ያልተጻፈበትን ከገበያ አታንሱ። ዛፍ ላይ የሚጠመጠም፣ ወርዱ 75 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀበቶ አንድ። አካፋ ሁለት፣ ጎማ ሥር የሚነጠፍ ሳንቃ አራት፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት ለየሹፌሩ። ክሪኩ ጭቃ ውስጥ ብቻውን ስለሚሰምጥ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ከሥሩ ይደረግለት። በባትሪ የሚሠራ ንፋስ መሙያ ከሌላችሁ ደግሞ የጎማ ንፋስ ለማውረድ አታስቡ፤ ሳይሞላ አስፋልት ላይ ይዛችሁ ልትወጡ ነውና።

ኤል4፦
ስለ ጎማው። የጥርሱ ጥልቀት ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አዲስ አትግዙ። ከዚያ በታች ያለቀ ጎማ ግን ቀይ አፈር ላይ እንደ ሳሙና ነው።

ካላማዳሪ ለሌላቸው ለሃይሉክስና ለፕራዶ 20 እስከ 22 ፒኤስአይ፣ ቪታራ ቀላል ስለሆነ 18። ከ15 በታች ማንም አይውረድ፤ ሲታጠፍ ጎማው ከቸርኬው ይለቃል። ሃርድቶፑና ፒካፑ ግን በ7.50 በ16 ባለ ካላማዳሪ ጎማ ከሆኑ ነገሩ ሌላ ነው። ንፋሱ ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞራል፣ ካላማዳሪውን አብሮ ይጎትትና ቫልቩን ይቆርጠዋል። ለእነሱ 28 ይበቃል። አንድ ትርፍ ካላማዳሪ ያዙ።

ንፋስ ያወረደ መኪና ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፍ። የሚሞላውም አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት፣ ደረቅ ቦታ ላይ ነው።

ፍቅር ሐይቅ፦
ኤል4 ያሉት ለቀይ አፈር ልክ ነው። ቀይ አፈር የሚያሟልጨው ከላይ ነው፤ ሥሩ ጠንካራ ስለሆነ ጎማው ሰፋ ብሎ ሲቀመጥ ይይዛል። ጥቁር አፈር ግን ጥርሱ ውስጥ ይሞላና ጎማው ጥርስ እንደሌለው ይሆናል፤ ሥሩም ለስላሳ ነው። እዚያ ንፋስ ማውረድ ብቻውን አያድንም። የሚያድነው ሳይቆሙ ማለፍ፣ ጎማውም ፈጠን ብሎ ዞሮ ጭቃውን ከጥርሱ እንዲያራግፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ያንሳል፤ በኤል 4 (በዝግታ ግን በጉልበት በሚነዳው የፎር ዊል ማርሽ) ሦስተኛ ሞክሩ። ሜዳው ላይ ውሃ ከተኛ ደግሞ በእግር ሂዱበት። ቦቲ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚት ከገባና ሲወጣ የሚመጠጥ ከሆነ ዙሩት፤ መዞሪያ ከሌለው ተመለሱ።

ባሌስትራ፦
ትክክል ነው፣ እህቴ። የጨመርሽው ያስፈልግ ነበር።

ዝግባ፦
ለራቭ4 አጭር መልስ፦ አይምጣ። ሎው (ኤል 4) የለውም፣ ሆዱም ዝቅ ያለ ነው። የአዳዲሶቹ ለኋላ ጎማ ጉልበት የሚያስተላልፈው ክላች ደግሞ ጭቃ ላይ ሲግል ራሱን ያላቅቅና መኪናው በፊት ጎማ ብቻ ይቀራል። አርሲ ነጌሌ ያቁመውና ፕራዶው ውስጥ ይሳፈር።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጉት፦ ሃይሉክስ፣ ሃርድቶፕ፣ ቪታራ፣ ፕራዶ፣ ፒካፕ። ብዙ ሰው ባለ ዊንቹን ከፊት ያደርጋል። ዊንቹ ያለው ከፊት ፓራውልት ላይ ስለሆነ ግን ሁለተኛ ቢሆን ይሻላል። መሪው መኪና ሲሰምጥ ከኋላው ቆሞ ወደመጣበት ይስበዋል፤ የመጣበት መንገድ ደግሞ የታወቀ ነው። ወደፊት መጎተት ያልታወቀ ጭቃ ውስጥ መጨመር ነው። ቪታራን መጨረሻ እንዳታደርጉት። ትልልቆቹ መኪኖች የጎማ ቦዩን ካጠለቁት በኋላ ሆዱ መሃሉ ላይ ይቀመጥና አራቱም ጎማ አየር ላይ ይዞራል። ቦዩ ጠልቆ ካገኘው አንድ ጎማ መሃለኛው ጉብታ ላይ፣ ሌላው ከቦዩ ውጪ አድርጎ ይለፍ።

ዳገትና ማጥ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ፤ የፊተኛው አናት ላይ ደርሶ ጥሩምባ እስኪያሰማ የኋላው ከታች ይጠብቅ። መንታ መንገድ ላይ ሁሉም ከኋላው ያለውን ሳያይ አይታጠፍ። የእጅ ሬዲዮ ፈቃድ ስለሚጠይቅ በጥሩምባና በመብራት ተስማሙ።

አነዳዱ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ልበል። የላንድክሩዘሮቹ የፊት ሀብ (ከጎማው መሃል ያለው መቆለፊያ) በእጅ የሚዞር ከሆነ ጭቃው ሳይመጣ ሎክ ላይ ይዙር፤ ክሩስኮቱ ላይ የፎር ዊል መብራት ቢበራም ሀቡ ፍሪ ላይ ከሆነ የፊት ጎማ አይስብም። ቦይ ውስጥ ስትሄዱ መሪው ወዴት እንደዞረ አይታወቅም፤ በመስኮት አንገት አውጥቶ የፊት ጎማውን ማየት ነው። አለዚያ ቦዩ ሲያልቅ የታጠፈው ጎማ በድንገት ይይዝና መኪናውን ወደ ጎን፣ ወደ ዛፉ ይወረውረዋል። ቁልቁለት ላይ ኤል 4 አንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ፣ ፍሬን ሳይነካ። ኋላው ወደ ጎን ከተንሸራተተ ፍሬን መርገጥ ያባብሰዋል፤ ትንሽ ነዳጅ መስጠትና መሪውን ኋላው ወደሄደበት ማዞር ያስተካክለዋል።

ሰዓቱን አትናቁ። እዚያ ከፍታ ላይ ክረምት ብዙውን ጊዜ የሚዘንበው ከሰዓት በኋላ ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ መስመጥ 40 ደቂቃ ብላችሁ ያዙ። ከሐዋሳ ከንጋቱ 12 ሰዓት ውጡ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የትም ብትደርሱ ተመለሱ። ደኑ በኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ሥር ስለሆነ ፈቃዱን ቀድማችሁ ጨርሱ። እንዳይቆጫችሁ ደግሞ፣ በዋዜማው ማታ ዝናብ ከጣለ መንገዱን ትታችሁ ቀኑን ለውጡ። ያ መንገድ የገበሬው የገበያ መንገድ ነው፤ እናንተ ያጠለቃችሁትን ቦይ አህያና በሬ ይወድቅበታል።

ከታቦር ሥር፦
እግዜር ይስጥልኝ። መንጠቆውን አየን፤ ሃይሉክሱ ከፊት ያለው ጋሽ ባሌስትራ ያሉት ቀጭን ቀለበት ብቻ ነው። በገዛ እጃችን ብረት አስበይደን ብንሠራለትስ? ደግሞ መኪና ሲሰምጥ ደረጃ በደረጃ ምን እናድርግ? ጉልበት ላይ የሚደርስ ወንዝም አለ አሉ።

ባሌስትራ፦
አታስበይድ። ብየዳ ውስጡ ክፍተት ይኑረው አይኑረው በዓይን አይታወቅም፤ የሻንሲውንም ብረት በሙቀት ያደክማል። ለዚያው መኪና የተሠራ፣ ሻንሲው ላይ ባሉት ቀዳዳዎች የሚታሰር መንጠቆ ፈልጉ፤ ብሎኑ ራስ ላይ የጥንካሬ ቁጥሩ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ይሁን። እስከዚያ ሃይሉክሱን ወደፊት አትጎትቱት። ከኋላው ብቻ ሊጎተት ስለሚችል እንደተባለው መሪ ሆኖ ይቆይ፤ ሃርድቶፑ ወደመጣበት ይስበዋል።

መኪና ሲሰምጥ መጀመሪያ እግር ከነዳጅ ላይ ይነሳ። ጎማው ዞሮ መኪናው ካልተንቀሳቀሰ ተጨማሪ ነዳጅ መቆፈር ብቻ ነው። በመጡበት ቦይ ወደኋላ አንድ ጊዜ ይሞከር። እምቢ ካለ ውረዱና ቆፍሩ። ከአራቱም ጎማ መውጫ በኩል፣ በተለይ ደግሞ ከዲፍረንሻሉ ሥር ያለውን ጭቃ አውጡ። ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ 15 ደቂቃ ቁፋሮ የመጎተቻውን ጉልበት በብዙ ይቀንሳል። ሳንቃውን ጎማው ጥርስ ሥር አስገብታችሁ በዝግታ ሞክሩ።

ካልሆነ ገመድ። የሚለጠጠውን በሻክል እሰሩ፤ ፒኑን እስኪጠብቅ ካዞራችሁ በኋላ ሩብ ዙር መልሱት፣ አለዚያ ከተጎተተ በኋላ በእጅ አይፈታም። ሁለት ሜትር ያህል ላላ ብሎ መሬት ላይ ይተኛ። ጎታቹ በኤል 4 ሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ይነሳ፤ የሰመጠውም በተመሳሳይ ጊዜ ነዳጅ ይስጥ። ሩጦ መምታት አያስፈልግም፣ የሚሠራው መለጠጡ ነው። ከሁለቱ ሹፌሮች በቀር ሁሉም ሰው ቢያንስ 15 ሜትር ይራቅ፤ በገመዱ አቅጣጫ ማንም አይቁም። ሁለት ገመድ ለመቀጠል በመሃል ሻክል አታድርጉ፤ ገመዱ ከተበጠሰ ሻክሉ አብሮ ይበራል።

ዊንች ከሆነ የሽቦው ካቦ ላይ እርጥብ ጆንያ ወይም ጃኬት ጣሉበት፤ ቢበጠስ ወደ መሬት ይጫነዋል። ከበሮው ላይ ቢያንስ 5 ዙር ይቅር። ሞተሩ ይሥራ፣ አለዚያ ባትሪው በደቂቃዎች ያልቃል። ቀበቶው ሕይወት ባለው ወፍራም ዛፍ ግርጌ ይታሰር። ዝግባ ጥሩ ነው፤ ወጣት ባሕር ዛፍና የደረቀ ዛፍ ግን ይነቀላል። ካቦውን በቀጥታ ዛፍ ላይ አትጠምጥሙ፤ ልጡን ዙሪያውን ከቆረጠው ዛፉ ይሞታል።

ኤል4፦
ወንዙን በዱላ እየለካችሁ በእግር ተሻገሩት፤ ጉልበት ከደረሰና ቶሎ የሚፈስ ከሆነ አትግቡ። ከመግባታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ቁሙ። የጋለ ዲፍረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው ውሃ ይስባል። በማግስቱ የዲፍረንሻሉን ዘይት ትንሽ አፍስሳችሁ እዩት። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ሳይዘገይ ይቀየር።

ከታቦር ሥር፦
የመጨረሻ ጥያቄ፤ ስንመለስ ሐዋሳ ላይ ላቫጆ ማስገባት ብቻ ይበቃል?

ፍቅር ሐይቅ፦
ከላይ ማጠብ አይበቃም። ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ካለ በ80 ስትነዱ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ባላንስ የተበላሸ ይመስላችኋል። አርሲ ነጌሌ ሳትደርሱ በእንጨት ፋቁት። ራድያተሩ በኃይለኛ ውሃ አይመታ፤ ክንፎቹ ይተኛሉ። በለስላሳ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይታጠብ። የኋላ ፍሬን ከበሮ ውስጥ የገባው ጭቃ የፍሬኑን ሸራ እንደ አሸዋ ወረቀት ስለሚበላው በማግስቱ ይከፈትና ይጽዳ። ጉልበት ወደ ጎማ በሚያስተላልፈው ዘንግ መስቀለኛዎች ላይ አዲስ ግራሶ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይገፋ። ሀቡንም ወደ ፍሪ መመለስ አትርሱ።